ልጆችን በቤት ውስጥ በእምነት ማሳደግ፦ የትኛው መንገድ ለየትኛው ቤተሰብ ይስማማል?

ልጃችሁ ጌታን የሚከተል ሰው ሆኖ እንዲያድግ ትፈልጋላችሁ። ግን በምን ትጀምሩ? አንዱ «በየምሽቱ የቤተሰብ አምልኮ አድርጉ» ይላችኋል። ሌላው «ጥያቄና መልስ አስጠኗቸው» ይላል። መጽሐፍ መደብር ስትገቡ በሥዕል ያሸበረቁ የልጆች መጽሐፍ ቅዱሶች ተደርድረዋል። ስልክ ስትከፍቱ ደግሞ የልጆች መዝሙርና የካርቱን ቪዲዮ ማለቂያ የለውም። ቤተ ክርስቲያናችሁም የወላጆች ሥልጠና ጀምራ ይሆናል። ሁሉም ጥሩ ይመስላል። ሁሉንም ባንዴ ልሞክር ያለ ወላጅ ግን ብዙ ሳይቆይ ይደክመዋል። ከዚያ ሁሉንም ይተዋል። ከዚያ ደግሞ ጸጸቱ ይመጣል።

ይህ መመሪያ ምርጫውን ለማቅለል የተጻፈ ነው። የማንንም አሳታሚ ወይም አፕ አያስተዋውቅም። መጀመሪያ መመዘኛዎቹን እናስቀምጣለን፣ ከዚያ አማራጮቹን በእነሱ እንፈትሻለን፣ በመጨረሻም ለየትኛው ቤተሰብ የትኛው እንደሚሻል እናያለን።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ጥሩ መሣሪያ ማለት ወላጁን የሚያናግር ነው። ወላጁን ዝም አሰኝቶ በእሱ ፈንታ የሚናገር መሣሪያ፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ዋናውን ቦታ ሊይዝ አይገባም።

## መመዘኛዎቹ

ወላጁን ያናግራል ወይ? ዘዳግም 6 ላይ ትእዛዙ የተሰጠው ለወላጅ ነው። ቅደም ተከተሉንም ልብ በሉ። ቃሉ መጀመሪያ በወላጁ ልብ ይሁን ይላል፣ ከዚያ ለልጆችህ አስተምር ይላል። ስለዚህ ልጁን ብቻ ሳይሆን እናንተንም የሚመግብ መንገድ ያስፈልጋችኋል።

በመጥፎ ሳምንት ይቀጥላል ወይ? ልጅ ይታመማል። ሥራ ይበዛል። እንግዳ ይመጣል። ሁሉም ነገር ሲመቻች ብቻ የሚሠራ ዕቅድ ዓመት አይዘልቅም። አንድን ዘዴ ስትመርጡ የምትመዝኑት በጥሩው ሳምንታችሁ ሳይሆን በአስቸጋሪው ይሁን።

ለልጁ ጥያቄ ቦታ አለው ወይ? መጽሐፍ ቅዱስ ልጆች እንደሚጠይቁ ቆጥሮ ነው የሚናገረው። ዘጸአት 12፥26 ላይ ልጆች ስለ ፋሲካ ይጠይቃሉ። ዘዳግም 6፥20 ላይ ስለ ትእዛዛቱ ይጠይቃሉ። ኢያሱ 4 ላይ ደግሞ ከዮርዳኖስ የወጡት 12 ድንጋዮች የተተከሉት ልጆች «ይህ ምንድን ነው?» ብለው እንዲጠይቁ ነው። ልጁ ሰምቶ ብቻ የሚነሳበት ዘዴ ይህን ያጣል።

እግዚአብሔር ያደረገውን ይናገራል ወይስ ልጁ ማድረግ ያለበትን ብቻ? መዝሙር 78 ለሚመጣው ትውልድ የሚነገረው የእግዚአብሔር ምስጋና፣ ኃይሉና ድንቅ ሥራው እንደሆነ ይናገራል። ብዙ የልጆች ትምህርት ግን «እንደ ዳዊት ጎበዝ ሁን፣ እንደ ዳንኤል ደፋር ሁን» ብሎ ያበቃል። ልጁ ጎበዝ ያልሆነ ቀን ታዲያ ምን ይበል? ይህን መመዘኛ ቀለል አድርጋችሁ አትዩት።

ዕድሜና ወጪ። ወጪ ስል ገንዘብ ብቻ አይደለም። የዝግጅት ጊዜም ወጪ ነው። ከሁለቱ የሚያጥራችሁ የትኛው እንደሆነ መጀመሪያ ለራሳችሁ በሐቀኝነት መልሱ።

## አማራጭ 1፦ መጽሐፍ ቅዱስን አብሮ ማንበብ

የቤተሰብ አምልኮ የሚባለው ነው። ትንሽ ይነበባል፣ ይወራበታል፣ ይጸለያል። መዝሙር የሚወድ ቤተሰብ ይዘምራል። ከ10 ደቂቃ በላይ መሆን የለበትም። ትንሹ ልጅ ሲቁነጠነጥ ጊዜው አልቋል ማለት ነው።

ከየት መጀመር እንዳለበት ግራ የገባው ሰው ከማርቆስ ወንጌል ይጀምር። ከአራቱ ወንጌሎች አጭሩ እሱ ነው። 16 ምዕራፍ ነው፣ ድርጊት ይበዛበታል፣ ታሪኩም ይሮጣል። በአንድ ምሽት ግማሽ ምዕራፍ ብታነቡ በ32 ምሽት ትጨርሳላችሁ። በሳምንት አምስት ምሽት ቢሆን ሁለት ወር አይሞላም።

ንባቡ ካለቀ በኋላ ሦስት ጥያቄዎች ይበቃሉ። ኢየሱስ እዚህ ምን አደረገ? ያስገረመህ ወይም ያልገባህ ነገር አለ? ታዲያ ምን ብለን እንጸልይ? በየምሽቱ ያው ሦስት ጥያቄ ስለሆነ ዝግጅት አይጠይቅም። ልጆቹም ቶሎ ይለምዱታል።

አንድ ምሽት ምን ሊመስል እንደሚችል እንይ። ማርቆስ 4 ላይ ደርሳችኋል። ማዕበሉ ጀልባዋን እየመታ ነው፣ ኢየሱስ ደግሞ ትራስ ተንተርሶ ተኝቷል። የስድስት ዓመቷ ልጅ «ትራስ ነበረው?» ትላለች። ይስቃሉ። ከዚያ ትንሽ ዝም ብላ «እኔ ስጠራውም ተኝቶ ቢሆንስ?» ትላለች። ወላጅ እዚህ ላይ ቶሎ መልስ ሰጥቶ ማለፍ ያምረዋል። አትቸኩሉ። «ደቀ መዛሙርቱም የፈሩት ይህንን ነበር፤ ምን እንዳሉት እንይ» በሉና ተመልሳችሁ አንብቡት። «ስንጠፋ አይገድህም ወይ?» ብለው ቀሰቀሱት። እሱም ተነሳ። ልጅቷ ያን ምሽት የምትጸልየው ጸሎት ከማንም መጽሐፍ የተቀዳ አይሆንም።

የዚህ መንገድ ትልቁ አደጋ ወደ ስብከት መለወጡ ነው። አባት ወይም እናት ሃያ ደቂቃ ከተናገሩ ልጆቹ በሚቀጥለው ቀን ይደበቃሉ። ሌላው አደጋ ቀን ላይ የተፈጠረ ጥፋትን ማታ በጥቅስ መቅጣት ነው። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ጥቅስ እየመረጡ የሚገስጹት ልጅ መጽሐፍ ቅዱስ ሲከፈት ሆዱ ይፈራል። ጥቅስ ደጋግሞ ማስጻፍን እንደ ቅጣት መጠቀምም ያው ነው። ኤፌሶን 6፥4 ልጆቻችሁን አታስቆጡ የሚለው በጌታ ምክር አሳድጉ ከሚለው ጋር በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ነው።

## አማራጭ 2፦ ታሪክ መንገርና የልጆች መጽሐፍ ቅዱስ

ይህ ከሁሉም የቆየው መንገድ ነው። በ4ኛው ክፍለ ዘመን ዮሐንስ አፈወርቅ ለወላጆች በጻፈው ምክር ላይ የቃየንና የአቤልን ታሪክ ለልጅ እንዴት መንገር እንደሚቻል በዝርዝር አስቀምጧል። ታሪኩን አጣፍጣችሁ ንገሩት፣ በሌላ ቀን ደግሞ እሱ እንዲነግራችሁ ጠይቁት ይላል። ከዚያ ያዕቆብና ዔሳው ይቀጥላል። በኋላ ታሪኩ በቤተ ክርስቲያን ሲነበብ ልጁ «ይህንንማ አውቀዋለሁ» ብሎ እንደሚደሰት ያስታውሳል። ዘዴው ዛሬም አላረጀም። «አንተ ደግሞ ንገረኝ» የምትለዋ ክፍል በተለይ ወርቅ ናት። ልጁ ምን እንደገባውና ምን እንደተምታታበት የምታውቁት ያኔ ነው።

በሥዕል የተዘጋጀ የልጆች መጽሐፍ ቅዱስ ልትገዙ ከሆነ ሁለት ታሪኮችን ብቻ አንብባችሁ መመዘን ትችላላችሁ። የዳዊትና የጎልያድን ታሪክ ክፈቱ። መጨረሻው «አንተም ጀግና ሁን» ብቻ ነው ወይስ እግዚአብሔር ሕዝቡን እንዴት እንዳዳነ ይናገራል? ከዚያ የኢየሱስን ስቅለትና ትንሣኤ ክፈቱ። በአንድ ገጽ ተድበስብሶ አልፏል ወይስ የመጽሐፉ ማዕከል ነው? ሁለቱን ካለፈ ግዙት። ሥዕሉ ሁለተኛ ነገር ነው።

ከትርጉም የመጣ መጽሐፍ ከሆነ ደግሞ አንድ ገጽ ጮክ ብላችሁ አንብቡ። ምላሳችሁ ከተሳሰረ የልጁ ጆሮም ይሳሰራል።

ድክመቱ ግልጽ ነው። ዘጠኝና አሥር ዓመት ላይ ልጁ «ይህ የሕፃን ነው» ማለት ይጀምራል። ብዙ ወላጅ እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ የሥዕሉን መጽሐፍ ይተዋል፣ በምትኩ ግን ምንም አይተካም። ከሰባት ዓመት ገደማ ጀምሮ በሳምንት አንዴ ያንኑ ታሪክ ከዋናው መጽሐፍ ቅዱስ አሳዩት። ሽግግሩ ሳይታወቅ ያልፋል።

## አማራጭ 3፦ ጥያቄና መልስ

ካቴኪዝም የሚባለው ነው። አጭር ጥያቄ፣ አጭር መልስ፣ በቃል የሚያዝ። ታሪኩ ረጅም ነው። ማርቲን ሉተር ትንሹን ካቴኪዝም በ1529 ሲያወጣ በአብያተ ክርስቲያናቱ ጉብኝት ሕዝቡ የእምነቱን መሠረት እንኳ አለማወቁን አይቶ ነበር። የጻፈውም የቤቱ አባወራ ለቤተሰቡ እንዲያስተምርበት ነው። አሥርቱ ትእዛዛት፣ የእምነት መግለጫውና የጌታ ጸሎት በየተራ ይመጣሉ። በየመሀሉም «ይህ ምን ማለት ነው?» የሚል ጥያቄ ይደጋገማል። የ1563ቱ የሃይድልበርግ ካቴኪዝም 129 ጥያቄዎች አሉት፤ ዓመቱን ሙሉ እንዲጠና በ52 ሰንበቶች ተከፋፍሏል። የዌስትሚኒስተሩ አጭር ካቴኪዝም ደግሞ 107 ጥያቄ ነው፤ በ1647 ተጠናቀቀ። ሌሎች አብያተ ክርስቲያናትም የየራሳቸው የጥያቄና መልስ ትምህርት አላቸው።

ጥንካሬው ምንድን ነው? ወላጅ «ምን ላስተምር?» ብሎ እንዳይጨነቅ ያደርጋል። ርእሶቹ በቅደም ተከተል ተሰድረዋል። በሥዕል መጽሐፍ የማይገኙ ጥያቄዎች ይነሳሉ፤ ኃጢአት ምንድን ነው? ለምን እንጸልያለን? ጥምቀት ምንድን ነው? ልጅ ደግሞ በቃል መያዝ ከእኛ ይልቅ ይቀለዋል።

ግን ሽምደዳ ብቻውን የትም አያደርስም። የአምስት ዓመት ልጅ «እግዚአብሔር የፈጠረህ ለምንድን ነው?» ሲባል «ለክብሩ!» ብሎ ሊጮህ ይችላል። «ክብር ምንድን ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁት ዝም ሊል ይችላል። ችግሩ የልጁ አይደለም። ጥያቄና መልሱን ካስጠናችሁ በኋላ ሁለት ደቂቃ ጨምሩ። በራሱ ቋንቋ እንዲናገረው፣ ከኑሮው ምሳሌ እንዲያመጣ ጠይቁት። የሉተርን «ይህ ምን ማለት ነው?» በሁሉም መልስ ላይ ብትጨምሩት አይጎዳም።

ምርጫውን ስታደርጉ ከቤተ ክርስቲያናችሁ ትምህርት ጋር የሚስማማውን ያዙ። ስለ ጥምቀት እቤት አንድ ነገር፣ ቤተ ክርስቲያን ሌላ ነገር የሚሰማ ልጅ ግራ ይጋባል። መጋቢያችሁን ወይም ካህናችሁን ጠይቁ፤ ይህ ጥያቄ ያስደስታቸዋል እንጂ አያስቸግራቸውም።

ለመጠን በሳምንት አንድ ጥያቄ ይበቃል። አዲሱን ከመጀመር በፊት ያለፉትን ሁለት ወይም ሦስት ከልሱ። ጥቅስ በቃል ማስያዝም በዚሁ መንገድ ይሄዳል። መዝሙር 23 ስድስት ቁጥር ነው። በሳምንት አንድ ቁጥር ብትይዙ በስድስት ሳምንት ቤተሰቡ ሁሉ ሙሉውን በቃሉ ይወጣዋል።

## አማራጭ 4፦ ዝግጁ የትምህርት ጥራዝ

የሳምንቱ ትምህርት፣ የወላጅ መመሪያ፣ የሚቀባ ሥዕል፣ የእጅ ሥራ፣ ሁሉም ተዘጋጅቶ ይመጣል። ማስተማር የማይደፍር ወላጅ ይወደዋል። ቅደም ተከተሉም ጥሩ ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት የአንዱን ሳምንት ትምህርት ተከታተሉት። ለዝግጅት ምን ያህል ጊዜ ይወስዳል? መቀስ፣ ማጣበቂያና ባለቀለም ወረቀት በየሳምንቱ የሚጠይቅ ከሆነ ሥራ የሚበዛበት ቤት አይዘልቀውም። የወላጅ ገጹ እናንተን ያስተምራል ወይስ «እንዲህ በል» ብቻ ይላል? ለስንት ዓመት ልጅ ነው? የ4 እና የ11 ዓመት ልጆች ያሉበት ቤት ሁለት ጥራዝ ከገዛ ወጪውም ዝግጅቱም እጥፍ ነው።

በጥቅሉ ጥሩ መነሻ ነው። የሚያዋጣው ግን እንደ ደንብ ሳይሆን እንደ አጋዥ ሲያዝ ነው። ሳምንት ካለፋችሁ ያለፈውን ለማካካስ አትሩጡ። ካቆማችሁበት ቀጥሉ።

## አማራጭ 5፦ ቪዲዮ፣ ኦዲዮና አፕ

ሦስቱን አንድ ላይ አትመልከቷቸው። በድምፅ የተቀረጸ መጽሐፍ ቅዱስ ትልቅ ስጦታ ነው። ማንበብ ለሚቸግረው ወላጅ፣ ዓይኑ ለደከመ አያት፣ መኪና ውስጥ ረጅም ሰዓት ለሚያሳልፍ ቤተሰብ በሩን ይከፍታል። ሰምቶ ማጥፋትና ማውራት ይቻላል። መዝሙርም እንዲሁ።

ቪዲዮ ግን ሌላ ነገር ነው። ታሪኩን በሥዕል ሕያው ያደርገዋል፣ እውነት ነው። ነገር ግን ልጁን ብቻውን ያስቀምጠዋል። ወላጁ ሌላ ክፍል ሆኖ «መንፈሳዊ ነገር እያየ ነው» ብሎ ይረጋጋል። ቪዲዮው ሲያልቅ ራሱ ሌላ ቪዲዮ ይከፍታል፤ ቀጣዩ መንፈሳዊ ላይሆን ይችላል። በነጻ የሚገኙ አፖች ላይ ማስታወቂያም ይመጣል። የምትጠቀሙ ከሆነ አውርዳችሁ አስቀምጡ፣ በራሱ የሚቀጥለውን አጥፉ፣ አብራችሁ ተቀምጣችሁ እዩ። መሀል ላይ አቁሙና «ቀጥሎ ምን የሚሆን ይመስልሃል?» በሉት። እንዲህ ከሆነ ቪዲዮም ወላጁን ማናገር ይጀምራል።

ለልጁ በሽልማትና በነጥብ ጥቅስ የሚያስጠኑ አፖችም አሉ። እኔ አልደግፋቸውም። ልጁ የሚያሳድደው ነጥቡን ነው፤ ነጥቡ ሲቀር ጥቅሱም አብሮ ይቀራል።

## አማራጭ 6፦ በኑሮ መሀል

ይህ የሚገዛ አይደለም። ስለዚህ በምርጫ ዝርዝር ውስጥ ብዙውን ጊዜ አይገባም። ለእኔ ግን ሌሎቹ ሁሉ የሚቆሙበት መሠረት ነው።

ዘዳግም 6፥7 አራት ጊዜያትን ይጠራል፤ በቤትህ ስትቀመጥ፣ በመንገድ ስትሄድ፣ ስትተኛ፣ ስትነሣ። አራቱንም ማንም ቤተሰብ አለው። ልዩ ፕሮግራም አይፈልጉም። ስትነሱ ልጁን ለቀኑ ባርኩት፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። በመንገድ ላይ የሚያስጨንቀውን ፈተና አንስቶ ከሆነ እየሄዳችሁ ጸልዩ፤ ዓይን መጨፈን ግዴታ አይደለም። ማዕድ ላይ የዛሬውን አመስግኑ። ስትተኙ ደግሞ ልጆች ቀን ያልተናገሩትን ይናገራሉ። መብራት ከጠፋ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ዋናው ጥያቄ ነው። «ነገ እናወራለን» ብላችሁ አትለፉት።

ከሁሉም በላይ ግን ይቅርታ። ጠዋት ለትምህርት ቤት ስትጣደፉ ጫማው ጠፋና ጮህክበት እንበል። ልጁ እንባ እየታገለው ሄደ። ማታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥና «ጠዋት የጮህኩብህ አጥፍቼ ነው። ጫማው ለእንደዚያ ያለ ቁጣ አያበቃም ነበር። ይቅርታ አድርግልኝ። እግዚአብሔርንም ይቅርታ ልለምን፣ አብረኸኝ ትሆናለህ?» በለው። ንስሐ የሚለውን ቃል የትኛውም ጥራዝ ከዚህ በተሻለ አያስተምርም። ልጁ ወንጌል ለአባቱም እንደሚያስፈልገው በዓይኑ ያያል። ወላጅ ክብሩን ያጣ የሚመስለው አለ። አያጣም።

የዚህ መንገድ ድክመት ቅደም ተከተል የሌለው መሆኑ ነው። በአጋጣሚ ብቻ የሚማር ልጅ ዮናስን አሥር ጊዜ ሰምቶ ሮሜን ጨርሶ ላይሰማ ይችላል። ስለዚህ ከአማራጭ 1 ወይም 3 ጋር ይጣመር።

## አማራጭ 7፦ የወላጆች ሥልጠናና የወላጆች ኅብረት

ወላጁ ራሱ ካልታጠቀ ከላይ ያሉት ሁሉ ይከብዱታል። ሥልጠና ስትመርጡ የምትጠይቁት አንድ ጥያቄ ነው፤ ስወጣ በዚህ ሳምንት እቤት የማደርገው ነገር ይዤ እወጣለሁ? ማስታወሻ ብቻ የሚያስይዝ ሥልጠና ደብተሩ መደርደሪያ ላይ ሲወጣ ያልቃል። የሚሻለው በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ የሚገናኙ ጥቂት ወላጆች ናቸው። «ባለፈው ምን ሞከራችሁ? የት ላይ ከበዳችሁ?» ይባባላሉ፣ አንዱ ለሌላው ልጅ ይጸልያል።

ከዚያም የሚበልጥ አለ። ልጆቹን አሳድጎ የጨረሰ አንድ ቤተሰብ ፈልጉና አንድ ምሽት የቤታቸውን ጸሎት አብራችሁ ጸልዩ። ቲቶ 2 ላይ አሮጊቶች ቆነጃጅትን እንዲመክሩ የተባለው ይህን የመሰለ ነው። በዓይን ያዩት ነገር እቤት ለመድገም ይቀላል። ገንዘብም አይጠይቅም።

አንድ ነገር ልጨምር። «ሰንበት ትምህርት ቤት ይማር የለ?» የሚል ወላጅ ብዙ ነው። ሰንበት ትምህርት ቤት መልካም ነው። ሮበርት ሬክስ በ1780 በእንግሊዟ ግሎስተር ከተማ ሲያስጀምረው የታሰበው ሳምንቱን ሙሉ ሥራ ላይ ለሚውሉና ፊደል ላልቆጠሩ ልጆች ነበር። የወላጅን ቦታ እንዲይዝ አልነበረም። በሳምንት አንድ ሰዓት ቢሆን በዓመት 52 ሰዓት ነው፤ ያውም አንድም ሳምንት ሳይቀር። አስተማሪው የሚዘራውን እቤት የሚያጠጣ ሰው ያስፈልጋል። ቢያንስ «ዛሬ ምን ተማራችሁ?» ከማለት አልፋችሁ አስተማሪውን የሚቀጥለውን ወር ርእስ ጠይቁና እቤት አስቀድማችሁ አንብቡት።

## ማጠቃለያ ሠንጠረዥ

| አማራጭ | ወላጁን ያናግራል? | በመጥፎ ሳምንት ይቀጥላል? | ለጥያቄ ቦታ | የሚስማማ ዕድሜ | ገንዘብ | ዝግጅት |
|---|---|---|---|---|---|---|
| 1. አብሮ ማንበብ | በጣም | አጭር ከሆነ አዎ | ሰፊ | ከ5 በላይ፣ ወጣቶችንም | የለም | ትንሽ |
| 2. ታሪክና የልጆች መጽሐፍ ቅዱስ | አዎ | አዎ | ሰፊ | ከ2 እስከ 9 | ከምንም እስከ መካከለኛ | ትንሽ |
| 3. ጥያቄና መልስ | ማብራሪያ ከተጨመረ | አዎ | መካከለኛ | ከ4 እስከ 14 | ዝቅተኛ | ትንሽ |
| 4. ዝግጁ ጥራዝ | እንደ ጥራዙ | ያስቸግራል | እንደ ጥራዙ | የተጻፈለት ዕድሜ ብቻ | ከፍተኛ | ብዙ |
| 5. ቪዲዮ፣ ኦዲዮ፣ አፕ | ኦዲዮ ይሻላል፤ ቪዲዮ አብሮ ከታየ ብቻ | አዎ | ጠባብ | ሁሉም | ከነጻ እስከ መካከለኛ | የለም |
| 6. በኑሮ መሀል | በጣም | ሁልጊዜ | በጣም ሰፊ | ሁሉም | የለም | የለም |
| 7. የወላጆች ኅብረት | ወላጁን ራሱን ያንጻል | በወር ሁለቴ ከሆነ አዎ | ለወላጁ ጥያቄ | ለወላጆች | ዝቅተኛ | ትንሽ |

## ለየትኛው ቤት የትኛው?

ጊዜ የሌለው ቤት። አማራጭ 6ን ዋና አድርጉ፤ በሳምንት ሁለት ምሽት ደግሞ ማርቆስን አንብቡ። ሁለት ብላችሁ ሁለቱን መጠበቅ፣ ሰባት ብላችሁ አንዱንም ሳትጠብቁ ከመቅረት ይሻላል። ሁለቱ ከጸኑ ሦስተኛው ራሱ ይመጣል።

ገንዘብ የሚያጥረው ቤት። ምንም አልጎደላችሁም። አንድ መጽሐፍ ቅዱስና የምትናገሩበት አፍ ካለ አማራጭ 1፣ 2 እና 6 ተሟልተዋል። ታሪኩን ቀን አንብቡት፣ ማታ በቃላችሁ ንገሩት።

ገንዘብ ያለው፣ ማስተማር ግን የሚያስፈራው ቤት። ለስድስት ወር ያህል ዝግጁ ጥራዝ ያዙ። በዚያው ጊዜ አማራጭ 7ን ፈልጉ። ጥራዙ ሲያልቅ ሌላ ከመግዛታችሁ በፊት ለአንድ ወር ያለ ጥራዝ ሞክሩ። ብዙ ወላጅ እንደሚችል የሚያውቀው ያኔ ነው።

እምነቱ አዲስ የሆነ ወላጅ። ጥያቄና መልስ ይያዝ። እናንተም ትማራላችሁ፣ ልጁም ይማራል። «እኔም አሁን ነው የማውቀው» ማለት አያሳፍርም።

ዕድሜያቸው የተራራቀ ልጆች ያሉበት ቤት። አንድ ንባብ፣ የተለያየ ጥያቄ። ትንሹን «ማን ማን ነበር?» በሉት፣ መካከለኛውን «ምን ተፈጠረ?»፣ ትልቁን «ለምን ይመስልሃል?»። ታላቅየው አንዳንዴ ለታናሾቹ ያንብብላቸው። ለእያንዳንዱ የተለየ ጥራዝ አያስፈልግም።

ብቻውን የሚያሳድግ ወላጅ፣ ወይም የትዳር ጓደኛው የማያምን። የጢሞቴዎስ አባት ግሪካዊ ነበር። የሐዋርያት ሥራ 16፥1 አማኝ ናት ብሎ የሚጠቅሰው እናቱን ነው። ጳውሎስ ደግሞ የሴት አያቱን የሎይድንና የእናቱን የኤውንቄን እምነት ያነሳል፤ ጢሞቴዎስም ቅዱሳት መጻሕፍትን ከሕፃንነቱ አውቋል። ስለዚህ አትሸማቀቁ። አጭሩን መንገድ ያዙ፤ የመኝታ ሰዓት ታሪክና ጸሎት። አያት ወይም የክርስትና እናትና አባት ካሉ አንድ ምሽት ስጧቸው። የትዳር ጓደኛችሁ እቤት ሲሆን ታሪኩንና ጸሎቱን እንደ ምስጢር አትደብቁት፣ የክርክር ርእስም አታድርጉት።

ወጣት የደረሰባቸው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ወላጅ ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ነው። እስከ አሁን ምንም ካልጀመራችሁ የ15 ዓመት ልጅን ድንገት ሳሎን ሰብስባችሁ «ከዛሬ ጀምሮ የቤተሰብ አምልኮ አለ» አትበሉት። ለየብቻ ጀምሩ። በሳምንት አንዴ ሁለታችሁ ብቻ ውጡ፣ ተራመዱ፣ ሻይ ጠጡ። አንድ ወንጌል ተከፋፍላችሁ በየጥጋችሁ አንብቡና ስትገናኙ እሱ ጥያቄ ያምጣ። እናንተ አስተማሪ አትሁኑ፣ አብሮ አንባቢ ሁኑ። ምሳሌ 31 ምዕራፍ ስለሆነ በቀን አንድ አድርጎ በወር ለመጨረስም ይመቻል፤ ስለ ጓደኛ፣ ስለ ገንዘብ፣ ስለ አንደበት ይናገራልና ወጣት ይወደዋል።

የሚያመጣው ጥያቄ ሊያስደነግጣችሁ ይችላል። እግዚአብሔር መኖሩን እንዴት አወቅህ? ንጹሕ ሰው ለምን ይሠቃያል? ጸልየን ያልሆነውስ? ፊታችሁ እንዳይለወጥ ተጠንቀቁ። አንዴ ከተቆጣችሁት ጥያቄውን አይተወውም፤ ለእናንተ መናገሩን ነው የሚተወው። መልሱን የማታውቁት ከሆነ «እኔም በደንብ አላውቀውም፤ እስከ ቅዳሜ ሁለታችንም ፈልገን እንምጣ» በሉት። ቅዳሜ ሲደርስ እሱ ሳያስታውሳችሁ እናንተ አንሱት።